ማይጨው የዘመተው ፓርከር

በቤተሰባችን ማይጨው የዘመተ ብዕር አለ። ማይጨው ሲዘመት ገና ያልተሠራ ከመሆኑ በቀር ሌላ እንከን አይወጣለትም።

የሰጡኝ አክስቴ ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። ከሣጥናቸው ሥር፣ በግብር ደረሰኞችና አንድ እግሩ በተሰበረ መነጽር መካከል፣ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ኖሯል። «እንካ፣ አንተ ጸሐፊ ነህ ይሉሃል። የአባዬ ብዕር ነው፤ ማይጨው ይዞት ዘምቷል» አሉኝ። «ይሉሃል» ያሉትን ልብ በሉልኝ። እትዬ በጸሐፊነቴ ላይ የራሳቸውን ድምፅ እስካሁን አልሰጡም።

እኔ የቢክ ዘመን ሰው ነኝ። በእኛ ዘመን እስክሪብቶ አይጠገንም፤ አያልቅምም። ይጠፋል። ገዝቶ እስከ መጨረሻው የጻፈበት ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። አንዱ ተውሶን ይሄዳል፣ እኛም የሌላውን ተውሰን እንቀራለን፣ አገሪቱ በዚሁ ትጽፋለች።

ነጠላውን ፈትቼ ብዕሩን አገላበጥኩት። ገላው ጠቆር ያለ የወይን ጠጅ መልክ አለው፤ ክዳኑ ብርማ ነው፤ ክዳኑ ላይ ቀስት የመሰለ ማንጠልጠያ ቁልቁል ያመለክታል። ያስቸገረኝ ጫፉ ነው። የቀለም ብዕር ሲባል በሥዕል የምናውቀው ያ የወርቅ ምላስ የታለ? ይህኛው ምላሱን በቆብ ሸፍኖ ለአመል ያህል ብቻ ብቅ አድርጎታል። የወንድሜ ልጅ ከስልኩ ቀና ብሎ አየውና «ቻይና ነው፤ ሂሮ ነው» ሲል ፈረደ፤ ፈርዶም ወደ ስልኩ ተመለሰ። ልጁን አልቀየምኩትም። ሂሮ የሚባለው የሻንጋይ ብዕር ይህንኑ ቆብ ለባሽ መልክ ወስዶ በርካሽ ለዓለም አዳርሶታል። ነገር ግን ቅጂ ካለ ዋና መኖሩ አይቀርም። የክዳኑን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ሳደርገው «ፓርከር» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፤ አጠገቡ 51።

ፓርከር በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ጄንስቪል በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1888 የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ይህን ብዕር ነድፎ የጨረሰው በተመሠረተ በ51ኛ ዓመቱ ስለነበር ቁጥሩን ለብዕሩ ስም አደረገለት። ለገበያ ያቀረበው ግን እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። እኔም እንደማንኛውም ሐበሻ ቀነስኩ፦ 1933። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገቡበት ዓመት። የማይጨው ጦርነት ደግሞ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ያን ጊዜ የት ነበርክ?» አልኩት።

ለአያቴ ስል ልሟገትለት ሞከርኩ። አምስት ዓመት በቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ምን አላት? የእናቴ የልደት ቀን እንኳ ከዚያ በላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ኖሯል። ብዕሩ ግን አላገዘኝም። ፓርከር 51 በዋነኛነት ሁለት ዓይነት ነው። ቀደም ያለው፣ ቫኩማቲክ የሚሉት፣ በጅራቱ በኩል ትንሽ ክዳን አለው፤ ሲፈታ በአውራ ጣት የሚጫን ዘንግ ይወጣል። ተከታዩ፣ ኤሮሜትሪክ፣ ጅራቱ ድፍን ነው፤ ወገቡ ላይ ሲፈታ በብረት እጅጌ ውስጥ የተኛ የቀለም ከረጢት ይገኛል። የኛን ጅራቱን ደባበስኩ፤ ድፍን ነው። ወገቡን በቀስታ ጠመዘዝኩት፤ ትንሽ አንገራገረና ተለቀቀ። የብረት እጅጌው ፍንትው ብሎ ወጣ። ኤሮሜትሪክ የሚባለው ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ማይጨው በ12 ዓመት ራቀን።

ፒያሳ አንድ ሰዓት ሠሪ አውቃለሁ፤ አጉሊ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ሳያወጡ ሰላምታ የሚሰጡ፣ ሰላም የተባለውም ሰው ጤናውን የተመረመረ የሚመስለው ሽማግሌ። ወሰድኩላቸው። ፓርከር በዚያን ዘመን የአሜሪካ ሥሪት መሆኑን ከብዕሩ ወገብ አጠገብ በደቃቅ ፊደል ይጽፍና የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ ጣል ያደርግ ነበር፤ ከአኃዙ ጎን የሚቀመጡ ነጥቦች ደግሞ የዓመቱን ሩብ ይናገራሉ። «አባባ፣ እዚህ ጋ ቁጥር ካለ ይዩልኝ» አልኳቸው። አገላበጡት። ከመሳቢያቸው ጠመኔ አውጥተው ጽሑፉ ላይ አሹት፤ ዱቄቱ ጭረቶቹ ውስጥ ሲገባ ፊደላቱ ነጭ ሆነው ወጡ።

«ስምንት» አሉ።

«ነጥብስ አለው?»

«ነጥብም ይሁን ጭረት አንድ ነገር አለ። ልጄ፣ ዕድሜ ልኩን ኪስ ውስጥ ሲታሽ የኖረ ዕቃ ነው፤ ምን አድርግ ትለዋለህ?»

አሜሪካዊ የብዕር ሰብሳቢ ለነጥቡ የሚጨነቀው ለወጉ ያህል ነው። ለእኛ ግን ቁም ነገር ነው፤ ብዕሩ ከመስከረም በፊት ከተሠራ የ1940 ዓ.ም.፣ ከመስከረም ወዲህ ከሆነ የ1941 ዓ.ም. ይሆናል። ሦስተኛው ሩብ ደግሞ እንቁጣጣሽን መሀሉ ላይ ይዞ ቁጭ ብሏል። ጄንስቪል ላይ ማንም አላሰበበትም።

እሑድ ቡና ላይ ግኝቴን አቀረብኩ። ከአንደኛው ስኒ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ለስለስ ባለበት ሰዓት። ትልቁ አጎቴ ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው፦

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«ፋብሪካው።»

«ፋብሪካ ይሳሳታል» አሉ ጋሼ። «አባዬ አይሳሳትም።»

ማስረጃዬን መዘዝኩ። ቁጥሩን በአጉሊ መነጽር አሳየኋቸው። ጋሼ ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና ፊታቸው በራ። «ስምንት! ይኸው! ሃያ ስምንት! ማይጨው!» ቤቱ በእልልታ ሊቀልጥ ምንም አልቀረው። አሜሪካኖች በእኛ አቆጣጠር እንደማይጽፉ ላስረዳ ስሞክር እትዬ «ለእኛ አገር ሲልኩ ይጽፉ ይሆናል» ብለው አበቁት። በችሎት ብዙ ጠበቃ በራሱ ሰነድ ሲረታ ሰምቻለሁ፤ በገዛ ቤተሰቤ ሲደርስብኝ ግን የመጀመሪያው ነው።

ነገሩን ያባባሰው ክዳኑ ነው። ክዳኑ ላይ የአያቴ ስም በፊደላችን፣ በወፍራም መርፌ የተወጋ በሚመስል እጅ ተቀርጿል። ሰብሳቢዎች ስም የተቀረጸበት ብዕር ዋጋው እንደሚቀንስ በሰፊው ይስማማሉ። ይህን ለእውቀት ያህል ጣል አደረግኩ። እትዬ ረከቦቱን ገፋ አድርገው «የማን ስም ነው ዋጋ የሚቀንሰው?» አሉ። ርዕሱን ቀየርኩ። ክዳኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ፈዘዝ ያለ፣ እንዳያብለጨልጭ ሆኖ የተሠራ የብረት ክዳን መሆን እንዳለበት፣ የኛ ግን መስታወት መሆኑን አነሳሁ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ በኩራት፤ «በየፋሲካው በአመድና በሎሚ አሸው ነበር።» ያ ፈዛዛ ገጽ አንዴ ከተወለወለ በቀላሉ አይመለስም። ዝም አልኩ። የሞተ የብረት ገጽ ከቤት ሰላም አይበልጥም።

ነገሩን የፈቱት፣ እስከዚያ ድረስ ፈንዲሻ ሲበሉ የነበሩት ታናሿ አክስቴ ናቸው። «እኔ የማስታውሰው» አሉ፣ «አባዬ በዚህ ብዕር ማታ ማታ በፋኖስ ማመልከቻ ሲጽፍ ነው። ማይጨው ዘምቻለሁ፣ ቆስያለሁ፣ መሬት ይሰጠኝ እያለ። አንዱ ሲመለስ ሌላ ይጽፋል።»

«መሬቱስ?» አልኩ።

«የት አግኝቶ!»

ስለዚህ ብዕሩ ማይጨው አልዘመተም፤ ማይጨው ስለመዘመቱ ደጅ የጠናው እሱ ነው። ከዘመቻው ይልቅ ደጅ ጥናቱ ሳይረዝም አይቀርም። ይህን ለጋሼ ሳስረዳቸው ጥቂት አሰቡና «ያው ነው» አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተከራከርኩም።

ወደ ጥገናው እንሂድ። የአሮጌ ብዕር ጀማሪ ጠጋኝ ዋና ሥራው መጠገን አይደለም፤ ዘብ መቆም ነው። ብዕሩ ደርቆ እንደማይጽፍ በተሰማ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። ጋሼ ክብሪት ይዘው መጡ፤ ቢክ ሲደርቅ ጫፉን በእሳት ገረፍ ማድረግ ያውቃሉና። እትዬ የፈላ ውኃና በረኪና አቀረቡ። ጎረቤታችን መካኒኩ ቤንዚንና ፒንሳ። የወንድሜ ልጅ ከኮሮና ዘመን የተረፈ የእጅ ማጽጃ አልኮል። ሁሉም ከልባቸው ነው፤ ሁሉም ብዕሩን ሊገድሉት ነው።

የፓርከር 51 ገላ አክሪሊክ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን መስኮት ይሠራበት የነበረው ዓይነት። ጠንካራ ነው፤ አልኮል ሲነካው ግን ውስጥ ውስጡን ይሰነጣጠቃል። የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። በረኪና ብረቱን ይበላል። ቆቡ በገላው ላይ የተያዘው ሸላክ በሚባል ሙጫ ሲሆን፣ ሙጫው በሙቀት ይላላል፣ በአልኮል ይሟሟል፤ ለባለሙያ ይህ መልካም ዜና ነው፣ ለጀማሪ ፈተና። «ቆቡን ብቻ ትንሽ ልክፈተው» ያለ ሰው ብዕሩን በሁለት ኤንቨሎፕ ይዞት ይኖራል። ፒንሳን በተመለከተ ምንም አልልም። ፒንሳ የያዘ እጅ ምክር አይሰማም።

የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ይህን ስናገር ሁሉም ቅር ተሰኙ። ሰው መድኃኒቱ ርካሽ ሲሆን በሽታውን ይንቃል።

በብረት እጅጌው ላይ ፋብሪካው መመሪያውን ራሱ ቀርጾታል፤ ጫፉን ወደ ታች አድርገህ ሽንትር ሽንትር ያለውን መጫኛ ስድስት ጊዜ ጠበቅ አድርገህ ጫን ይላል። ለምን ስድስት ጊዜ? ከረጢቱ ውስጥ ከጫፉ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ እስከ ላይ ድረስ ቆሟል። ስትጫን አየር በቱቦው በኩል ይወጣል፤ ስትለቅ ቀለም በዚያው ገብቶ ከታች ይጠራቀማል። የገባው ቀለም ከቱቦው አፍ በታች ስለሚቀር በሚቀጥለው ጭነት ተመልሶ አይወጣም፤ የሚወጣው የቀረው አየር ነው። እንዲህ እያለ ይሞላል። እኔ በቀለም ፈንታ ውኃ አጠጣሁት። ስጫን ብርጭቆው ውስጥ ሰማያዊ ጢስ ተንቦለቦለ። ውኃውን ደፋሁ፣ ሞላሁ፣ ተጫንኩ፤ አሁንም ሰማያዊ። አሳደርኩት፤ ጠዋት ብርጭቆው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። የጠላ ጋን ቢታጠብ ቢታጠብ ጉሹ እንደማያልቅ እንዲሁ ነው። ምክንያቱ ቆቡ ሥር ነው፤ እዚያ በስስ በስሱ የተሰነጣጠቀ፣ ትርፍ ቀለም ይዞ ብዕሩ እንዳያንጠባጥብ የሚያደርግ አንድ ክፍል አለ። ቀለሙ በየስንጥቁ ገብቶ ደርቋል፤ ብሩሽ አይደርስበትም። ውኃና ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ቢበዛ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና።

ያን ሁሉ ቀለም ሳይ አያቴ ስንት ማመልከቻ ሳይጽፉ እንደቀሩ አሰብኩ። ታናሿ አክስቴ ብርጭቆውን አይተው «ይኼ ደግሞ የመልስ መልሱ ይሆናል» አሉ።

ከረጢቱ አንድ ነገር አልሆነም። ያ ዘመን የሠራው ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ ሰባ ዓመት አልፎትም ይጠጣል፣ ይተፋል። ሁሉም ብዕር እንዲህ ዕድለኛ አይደለም። ወሬው ሰፈር ሲዳረስ አንድ ጡረተኛ መምህር በጎኑ መቆለፊያ መሳይ ትንሽ ማንሻ ያለው ጥቁር ብዕር ይዘው መጡ። አንቀጠቀጥኩት፤ ውስጡ ኮሽ ኮሽ አለ። የላስቲክ ከረጢቱ ደርቆ ተሰባብሮ ነው፤ ያንን አውጥቶ፣ ቅርፊቱን ፍቆ፣ አዲስ ከረጢት በሸላክ ማጣበቅ ያስፈልጋል። «የቅድመ አያቴ ነው፤ አድዋ ላይ ነበር» አሉኝ። ባለ ማንሻ ብዕርን ዋልተር ሼፈር የሚባል የአዮዋ ጌጣ ጌጥ ነጋዴ የባለቤትነት መብት ያወጣበት እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ በእኛ 1900። አድዋ 1888። አፌ ላይ ደረሰ። «ይሆናላ፣ ጋሽዬ» አልኩና ሻይ አቀረብኩላቸው።

ብዕራችን በመጨረሻ ጥርት ያለ ውኃ ተፋ። አሁን ቀለም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ የብዕር ቀለም መግዛት የጠየቀውን ሰው ከሌላ ዘመን የመጣ እንግዳ ያደርገዋል። አንዱ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የማኅተም ቀለም አወጣልኝ። ሌላው የፕሪንተር ቀለም በሊትር። ሦስተኛው «ለምን?» አለኝ፤ መልሱ ተስኖኝ ወጣሁ። የዘመዳችን ልጅ፣ ዲያቆን ነው፣ «የኛን ቀለም ልቀምምልህ፤ ሺህ ዓመት አይለቅም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የብራና ቀለም አይለቅም። ግን ጥላሸት ነው፤ ጥላሸት በውኃ አይሟሟም፣ ማያያዣውም ይደርቃል። በመቃ ብዕር እየነከሩ ብራና ላይ ሲጽፉት ዕንቁ ነው፤ በዚያ ስስ ስንጥቅ ውስጥ ግን ሲሚንቶ። ዲያቆኑ ትንሽ ቅር አለው፤ የፈረንጅ ብዕር የቤተ ክርስቲያን ቀለም አልቀበልም ማለቱ ያስቆጣል። መጨረሻ ላይ ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ኩዊንክ ላከች፤ ፓርከር ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የሚሸጠውን። ጠርሙሱ ከአንድ ካልሲ ውስጥ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ ወጣ።

ጽሕፈቱ ምን ይመስላል? ቢክ የለመደ እጅ ወረቀቱን ይጫናል፤ ለዚህኛው መጫን አያስፈልገውም፤ ነካ ሲያደርጉት ይጽፋል። ጫፉ ላይ ከወርቁ የሚጠነክር ማዕድን ተበይዶበታል፤ ያ ማዕድን ደግሞ የሚሟሸው በጸሐፊው እጅ አቀማመጥ ነው። እኔ ብዕሩን እንደለመድኩት ስይዘው ይቧጭራል፤ ትንሽ ወደ ግራ ሳዘነብለው ይንሸራተታል። አያቴ ወደ ግራ ያዘነብሉት ነበር ማለት ነው። የደብተር ወረቀት ላይ ቀለሙ ይሰራጫል፣ «ሠ»ው «ሡ» ይመስላል፤ ወፈር ያለ ወረቀት ላይ ግን ፊደሎቼ ቀጥ ብለው ቆሙ። እንዲያውም ይነበባሉ። ሃያ ምናምን ዓመት የሰው ልጅ ያላነበበውን የእኔን እጅ ጽሑፍ እትዬ ያለ መነጽር አነበቡት። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ፤ በጸሐፊነቴ ላይ ግን ድምፃቸውን አሁንም አልሰጡም።

እንግዲህ ብዕሩን ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼ መሄድ ጀመርኩ። ቀስቱ ወደ ውጭ፣ የአያቴ ስም ወደ ውጭ። ጥበቃዎች ጎንበስ ይሉልኛል፤ ምናልባት ለሌላ ሰው ነው፣ አልጠየቅሁም።

ባንክ ሄድኩ። የገንዘብ ማውጫውን ቅጽ በፓርከሩ ሞላሁ፤ ፊርማዬን ሳያወላውል፣ ሳይቆራረጥ፣ ፊደል በፊደል አሳርፌ ለቆጣሪዋ አቀበልኩ። ወደ ኮምፒዩተሯ አየች። ወደ እኔ አየች። እንደገና ወደ ኮምፒዩተሯ።

«ፊርማው አይመሳሰልም» አለችኝ።

«የእኔው ነው።»

«እዚህ ያለው ሌላ ነው።» ስክሪኑን ትንሽ ዘወር አደረገችልኝ። ያ የማውቀው፣ ዶሮ የጫረው የሚመስል ፊርማዬ ነው።

መታወቂያ ሰጠኋት። ፎቶውን ከፊቴ ጋር አስተያየች። «እርስዎ ነዎት» አለች። «ፊርማው ግን እርስዎን አይመስልም።» ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሰዓቱን አየ። በዚህ ጊዜ ቆጣሪዋ በሲባጎ የታሰረውን የባንኩን ቢክ በመስኮቱ በኩል ገፋ አደረገችልኝ። ሲባጎው አጭር ስለሆነ በጎን ተጠምዝዤ፣ ክርኔን በሌላ ሰው ቅጽ ላይ አድርጌ ፈረምኩ።

«አዎ» አለች ማኅተሟን እያነሳች፤ «አሁን እርስዎ ነዎት።»